ከባድ ቃል፣ ከባድ ኪሳራ
በንግድ ደብዳቤዎቻችን ስለምንጽፋቸው የእንግሊዝኛ ቃላት

በአሶሳ ገበያ ማለዳ የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አንዱ ነጋዴ በበርታኛ ሰላምታ ይሰጣል፤ በዐረብኛ ዋጋ ይጠይቃል፤ በኦሮምኛ ይከራከራል፤ በመጨረሻም ሒሳቡን በአማርኛ ጽፎ ደረሰኝ ይቈርጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል የሚናገር አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ቃሉ የጠፋበት እንደ ሆነ በጣቱ ወደ ዕቃው ያመለክታል፤ ወይም ከጎኑ የቆመውን ይጠይቃል፤ ነገሩም ወዲያው ይቃናል። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ወደ ውጭ አገር ደብዳቤ ለማስጻፍ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በገባ ጊዜ ግን ጥንቃቄውን ደጅ ትቶት ይገባል። ስለ ምን ቢባል፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከበድ ያለ ቃል ካልበዛበት የተማረ ሰው የጻፈው አይመስልም የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ልብ ተተክሏል።

ይህን ጽሑፍ ለክቡራን አንባቢዎች ማቅረቤ የቋንቋ መምህር ስለ ሆንኩ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ በነጋዴ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ስሠራ፣ የአንዲት ቃል ስሕተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በራሴ እጅ ስላየሁት ነው እንጂ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ ሰሊጥ ለሚገዛቸው ለአንድ የውጭ አገር ደንበኛ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ሸሪኮቻችን ጭነቱን አጽድቀውታል፣ ስለዚህ የክፍያው ጉዳይ ይፈጸምልን የሚል ብቻ ነው። ጽፌ ባቀርብላቸው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህማ የተማሪ ጽሑፍ መሰለ፤ ትልቅ ቤት መሆናችንን እንዲያውቁት እስቲ ከበድ አድርጊው» አሉኝ። እኔም መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ «አጸደቀ» ለሚለው ከተደረደሩት ቃላት መካከል ግርማ ያለው የመሰለኝን «ሳንክሽን» የሚለውን መርጬ፣ ጭነቱ በሸሪኮቻችን «ሳንክሽንድ» ሆኗል ብዬ ጻፍኩ።

ይህ ቃል ግን ሁለት ፊት ያለው ነው። በአንድ ወገን ማጽደቅና መፍቀድ ማለት ሲሆን፣ በሌላው ወገን ደግሞ በቅጣት የሚጣል ማዕቀብ ማለት ነው። በዛሬው ዘመን በባንክና በመርከብ ድርጅት ዘንድ ቀድሞ የሚሰማው ሁለተኛው ነው። እኛ ያለነውም ከሱዳን ወሰን አጠገብ ነው፤ ሱዳንም ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር የቆየች አገር ስለ ሆነች፣ ከዚህ አካባቢ የሚመጣ ወረቀት በጥርጣሬ ቢነበብ የሚያስደንቅ አይደለም። ደንበኛው ደብዳቤውን ባነበበ ጊዜ ጭነቱ ማዕቀብ ያለበት መስሎት ክፍያውን አስቆመ። መጠይቅና መልስ ስንላላክ ዐሥራ ሰባት ቀን አለፈ። እስከዚያ ድረስ የመጋዘን ኪራይ ይቈጠራል፤ የጭነት መኪና ባለቤቶች ይጮኻሉ። በመጨረሻ ነገሩ ቢገለጽም፣ ደንበኛው የሚቀጥለውን ዓመት ሰሊጥ ከሌላ ሰው ገዛ።

አሠሪዬ አልተቈጡኝም። «ቀላሉ ቃል ምን ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። «አፕሩቭ» የሚለው ነበር አልኳቸው። «ታዲያ አንቺማ አስቀድመሽ እሱን ጽፈሽ ነበር፤ ያስጣልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጽሕፈት ቤታችን ከበድ አድርጊው የሚል ትእዛዝ ተሰምቶ አያውቅም።

የእኛ ኪሳራ የአንድ ቤት ኪሳራ ነው። አገራችን ግን አንድ ቃል ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ሲያስከፍል አይታለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። በኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ሆኖ ተገኘ፤ የኢጣሊያ መንግሥትም ይህን ይዞ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ ለዓለም አስታወቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተቈረጠ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ስምምነት የውጫሌ ውል ተሻረ። ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት ደግሞ በዚያው ውል 19ኛ አንቀጽ ላይ ይገኛል። ይህ አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች የሚስማሙ ስለ ሆኑ እኩል ሥልጣን አላቸው ይላል። እንግዲህ ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸና የሚወስን ቃል በውሉ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በ106ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና አለው ብሎ መደንገጉ እንዲህ ያለውን ክርክር ከሥሩ የሚዘጋ ነው። በሁለት ቋንቋ ውል የሚፈራረም ነጋዴ ሁሉ ይህን አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ማስጻፍ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ስሕተቱ በየትኛው በር እንደሚገባ በምሳሌ እንመልከት።

አንደኛው በር በድምፅ የሚመሳሰሉ ቃላት ናቸው። «ኢንሹር» የሚል ድምፅ ያላቸው ሁለት ቃላት አሉ። በእንግሊዝኛው ፊደል «አይ» የሚጀምረው የመድን ዋስትና መግባት ነው፤ በ«ኢ» የሚጀምረው ደግሞ አንድ ነገር በእርግጥ እንዲፈጸም ማድረግ ነው። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የሽያጭ ደንብ፣ ማለት በኢንኮተርምስ፣ ሻጭ ሲ.አይ.ኤፍ. ብሎ የተዋዋለ እንደ ሆነ መድን የመግባት ግዴታ አለበት፤ ኤፍ.ኦ.ቢ. ብሎ የተዋዋለ እንደ ሆነ ግን የለበትም። በኤፍ.ኦ.ቢ. የሸጠ ነጋዴ ዕቃው በደኅና መድረሱን እንከታተላለን ለማለት ፈልጎ በ«አይ» የሚጀምረውን ቃል የጻፈ እንደ ሆነ፣ ዕቃው ባሕር ላይ በተበላሸ ጊዜ ገዢው ደብዳቤውን አውጥቶ መድን እንገባለን ብላችኋል ቢለው ምን ይመልሳል?

ሁለተኛው በር መልካቸው መልካም መስሎ ትርጉማቸው ክፉ የሆኑ ቃላት ናቸው። «ኖቶሪየስ» የሚለውን ብዙ ሰው ዝነኛ ማለት ይመስለዋል። ዝነኛነቱስ ዝነኛነት ነው፤ ነገር ግን በክፉ ሥራ የመጣ ዝና ነው። ቤታችን በቡና ንግድ «ኖቶሪየስ» ነው ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሌብነቱን ራሱ የመሰከረ ያህል ነው። «ኤግዞርቢታንት» የሚለውም ከመጠን ያለፈ፣ አግባብ የሌለው ዋጋ ማለት ነው እንጂ ከፍተኛ ጥራት ማለት አይደለም። «ዲማንድ» በእንግሊዝኛ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን አስገድዶ መጠየቅ ነው፤ ስለዚህ የዋጋ ዝርዝር እንዲላክለት በዚህ ቃል የጻፈ ሰው እንደ ባለ ዕዳ አስከፋይ ይቈጠራል። ፈረንሳይኛ የተማሩ ሰዎች በዚህ ቃል መሳታቸው አያስደንቅም፤ በፈረንሳይኛ ተመሳሳዩ ቃል ያለ ቍጣ መጠየቅ ነውና። «ኢቬንቹዋሊ»ም እንደዚሁ ነው፤ በኢጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ ተመሳሳዩ ቃል ምናልባት ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን በመጨረሻ፣ ከብዙ ቈይታ በኋላ ማለት ነው። ዕዳችንን «ኢቬንቹዋሊ» እንከፍላለን የሚል ደብዳቤ የደረሰው አበዳሪ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሦስተኛው በር ቅድመ ቅጥያ ነው። «ኢን» የሚለው መነሻ አፍራሽ ነው ብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። «ኢንፍላመብል» የሚል ጽሕፈት በቀለም ማቅጠኛ ወይም በሌላ ፈሳሽ ቆርቆሮ ላይ ያየ ባለ ሱቅ ግን ይህን ደንብ ተከትሎ የማይቃጠል ነው ብሎ ከምድጃ አጠገብ ቢያስቀምጠው፣ ሱቁንም ቤተ ሰቡንም ለእሳት ይሰጣል። ትርጉሙ ፈጥኖ የሚቀጣጠል ማለት ነውና። «ኢንቫሉዌብል»ም ዋጋ ቢስ ማለት ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ማለት ነው። እንደዚሁም በታሸጉ ምግቦች ላይ «ቤስት ቢፎር» የሚለው ጥራቱ ከሚቀንስበት ቀን በፊት ቢበሉት ይሻላል ማለት ሲሆን፣ «ዩዝ ባይ» የሚለው ግን ከተጻፈው ቀን በኋላ ለጤና ያሰጋል ማለት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ባለ ሱቅ ወይ ደኅናውን ዕቃ ይጥላል፣ ወይ የሚያሰጋውን ይሸጣል።

አራተኛው በር የሚዛን ስሞች ናቸው፤ ይህም ወርቅ ለሚታጠብበት ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ነው። በዓለም ገበያ የወርቅ ዋጋ የሚነገርበት «አውንስ» ትሮይ የሚባለው ሲሆን 31.1 ግራም ነው፤ ተራው የሸቀጥ «አውንስ» ግን 28.35 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ ግራም ወርቅ 32.15 የወርቅ አውንስ ሲሆን፣ በተራው አውንስ ቢሰፈር 35.27 ይሆናል። በሬዲዮ የሰማውን የአውንስ ዋጋ ለ28.35 ያካፈለ ነጋዴ የአንዱን ግራም ዋጋ ከእውነተኛው በመቶ 10 በሚጠጋ አብልጦ ያስበዋል፤ በዚህም ሒሳብ ከአምራቹ የገዛ እንደ ሆነ ትርፌ ያለው ሁሉ በአንዲት ቃል ይጠፋል። «ካራት» የሚለውም እንዲሁ ሁለት ነው፤ ለወርቅ የንጽሕና ደረጃ ሲሆን 24 ንጹሑ ነው፤ ለዕንቍ ግን ክብደት ሲሆን 5 ካራት 1 ግራም ነው። «ቶን»ም ሦስት ዐይነት አለው፤ እኛ የምናውቀው 10 ኩንታል የሆነው 1,000 ኪሎ ግራም፣ የእንግሊዙ 1,016፣ የአሜሪካው 907 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በ500 ቶን ሰሊጥ ላይ በእኛና በአሜሪካው ቶን መካከል ያለው ልዩነት ከ460 ኩንታል በላይ ነው። ሜትሪክ የምትለዋን ቃል መጨመር ይህን ሁሉ ክርክር ያስቀራል።

እንግዲህ ከባድ ቃል ሁሉ ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። በንግድ ሥራ የታወቀ ሥራ ያላቸው፣ በሌላ ሊተኩ የማይገባቸው ቃላት አሉ። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ «ዴመሬጅ» እና «ዲቴንሽን» የሚባሉትን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ የመጀመሪያው ኮንቴይነሩ ከተፈቀደው ቀን በላይ በወደብ ውስጥ ስለ ቈየ የሚከፈል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወደብ ከወጣ በኋላ ሳይመለስ ስለ ዘገየ የሚከፈል ነው።

ከሁሉም በላይ በባንክ የሰነድ ክፍያ፣ ማለት በሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ቀላል የሚመስሉት ቃላት እንኳ በደንብ የተወሰነ ልክ አላቸው። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 600 ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ከመጠን ወይም ከገንዘብ ጋር «አባውት» ወይም «አፕሮክሲመትሊ» የሚል ቃል የተጻፈ እንደ ሆነ በመቶ 10 መብለጥ ወይም ማነስ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ «አባውት» 500 ሜትሪክ ቶን ማለት ከ450 እስከ 550 ድረስ ማለት ነው። የጭነት ቀን «ኦን ኦር አባውት» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ከቀኑ 5 ቀን በፊት እስከ 5 ቀን በኋላ ድረስ ይቈጠራል። የወር መጀመሪያ የተባለው ከ1 እስከ 10፣ መካከል የተባለው ከ11 እስከ 20፣ መጨረሻ የተባለው ከ21 እስከ ወሩ ፍጻሜ ነው። «ፍሮም» የሚለው ቃል ለጭነት ጊዜ ሲነገር የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራል፤ ለክፍያ ጊዜ መድረሻ ሲነገር ግን ያንኑ ቀን አይቈጥርም። እኛ ጸሐፊዎች በየደብዳቤው የምንረጫቸው «ፕሮምፕት»፣ «ኢሚዲየትሊ»፣ «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» የሚባሉት የጥድፊያ ቃላት ደግሞ በዚሁ ደንብ ከቍጥር የማይገቡ ናቸው። ባንኩ እንዳልተጻፉ አድርጎ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ፍጥነት የሚፈልግ ነጋዴ ቅጽል ሳይሆን ቀን ይጻፍ።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አባቶቻችን ደብዳቤን በግርማና በአክብሮት መጻፍ አስተምረውናል፤ ቋንቋችንም ሰምና ወርቅ የሚያውቅ የተራቀቀ ቋንቋ ነው፤ ታዲያ ስለ ምን እንደ ሕፃን እንጽፋለን የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ሰምና ወርቅ ያማረው ለቅኔ ነው። ባለ ቅኔ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሰጠው ይመሰገናል፤ ነጋዴ ግን አንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሰጠው ቀን ፍርድ ቤት ይቆማል። በአማርኛ ያለን አክብሮት የሚገለጸው በአንቱታና በሰላምታ ነው፤ በእንግሊዝኛ ንግድ ደብዳቤ ደግሞ አክብሮት የሚገለጸው የአንባቢውን ጊዜ ባለመብላት ነው። ዋጋ፣ መጠን፣ ቀን፣ የመክፈያ ስልት እነዚህ ተለይተው የተጻፉበት ደብዳቤ ትልቅ ቤት የጻፈው መሆኑን ማንም ያውቃል።

ወጣቶች ደግሞ ዛሬ በስልክ ውስጥ አስተርጓሚ መሣሪያ አለ፣ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን ነው ይሉኛል። መሣሪያው በእርግጥ ብዙ ይረዳል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ፊርማው የአሠሪዬ ነው እንጂ የመሣሪያው አይደለም። የተተረጐመውን መልሶ ወደ አማርኛ ማስተርጐምና ከመጀመሪያው ሐሳብ ጋር ማስተያየት ቀላል ፈተና ነው፤ ይህን የማያልፍ ዓረፍተ ነገር ከጽሕፈት ቤት መውጣት የለበትም።

ስለዚህ ከልምዴ ያገኘሁትን ምክር በትሕትና አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የንግድ ቤት አንድ የቃላት መዝገብ ያኑር። በመዝገቡም ቃሉ ብቻውን ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጻፍ። የበሬ ጠባይ የሚታወቀው በቀንበር ሲጠመድ ነው እንጂ በገበያ ቆሞ ሲታይ አይደለም፤ ቃልም እንደዚሁ ነው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ለአሠሪው በአማርኛ ቃል በቃል አንብቦ ያስረዳ፤ በአማርኛ ሊያስረዳው ያልቻለውን ቃል ይሰርዝ። ሦስተኛ፣ አሠሪዎች ጸሐፊዎቻቸውን ከበድ አድርጉት ከማለት ይልቅ ግልጽ አድርጉት ይበሉ፤ ደኅና መዝገበ ቃላት ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ቀን የመጋዘን ኪራይ ጋር ሲተያይ ከባድ አይደለም። አራተኛ፣ ምክር ቤታችን በዚህ ጋዜጣ በየሳምንቱ ጥቂት የንግድ ቃላትን ከነዓረፍተ ነገራቸው ቢያትም፣ በከተማችን ያለው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ቢያርሙልን፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአባላት ሁሉ የሚሆን መጽሐፍ ይወጣዋል።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በገበያ የተነገረ ቃል ግን ቢያንስ ነፋስ ይወስደዋል፤ በደብዳቤ የተጻፈው በሰው አገር ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል። የሰሊጡን ቁና አስተካክሎ የሚሰፍር ነጋዴ ቃሉንም እንዲሁ አስተካክሎ ይስፈር፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና። ያ ደንበኛችን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ የቃላት መዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው ቃል ግን «ሳንክሽን» ነው፤ ከአጠገቡም «አፕሩቭ በል» ተብሎ ተጽፎበታል።